«ጾመኛ ናቸው» ያልኩ ዕለት

ልጄ ባለፈው ወር የመንግሥት ሥራ ያዘች፤ በየመጋዘኑ እየዞረች ሠራተኛ እንዳይጎዳ ትቆጣጠራለች። እሑድ ምሳ ላይ፣ «እማ፣ ሁሉም ኦኬ ነን ይሉኛል። ማለቴ፣ ለምንድን ነው እውነቱን የማይነግሩኝ?» አለችኝ። የጠቀለልኩትን እንጀራ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

«ጾመኛ ናቸው» ያልኩ ዕለት ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዳላስ ውስጥ ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር እየኖርኩ፣ ፋርመርስ ብራንች በምትባል አጎራባች ከተማ ባለ አንድ መጋዘን ኮንቴይነር አራግፍ ነበር። የዳላስን ነሐሴ ያላየ ሰው ሙቀት አውቃለሁ አይበል! ቆርቆሮው እጅ ይለበልባል፤ አየሩ ካርቶን ካርቶን ይሸታል። ለአርባ ሰው የነበረችው አንዲት የውሃ ቧንቧ ከደረቀች ሳምንት አልፏት ነበር። አለቃችን መስፍን የእኛው አገር ሰው ነው፤ ሥራ ያስገባኝም፣ በገዛ መኪናው የሚያመላልሰኝም እሱ ነበር። በየቀኑ «ከሰዓት ይሠራል» ይለናል።

አብረውኝ የሚያራግፉት ጋሽ ታደሰ ስልሳ ያለፋቸው የጎንደር ሰው ነበሩ። ጊዜው ፍልሰታ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀምሱም። የዚያን ቀን ጠዋት ከቤት የያዙትን ውሃ፣ «እኔ ጾመኛ ነኝ፤ አንቺ ጠጪው ልጄ» ብለው ሰጡኝ። ጠጣሁት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ኩባያቸውን ይዘው ወደ ቧንቧዋ ሄዱ። ጠብ የሚል የለም። «ዛሬስ ማርያም አልፈቀደችም» ብለው ፈገግ አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አሥር ሰዓት ላይ ካርቶን እንዳቀፉ ወደቁ።

በሦስተኛው ቀን የመንግሥት ተቆጣጣሪ መጣ። እንግሊዝኛ ትችላለች ተብዬ ተጠራሁ። መስፍን አጠገባችን ቆሟል።

«የወደቁት ሰውዬ የሚጠጡት ውሃ ነበር?» አለኝ ተቆጣጣሪው።

መስፍንን አየሁት። ይሉኝታ ያዘኝ። «ጾመኛ ናቸው፤ ስለማይጠጡ ነው» አልኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! ጾመኛ መሆናቸው ውሸት እንኳ አልነበረም እኮ። ተቆጣጣሪው ጻፈ፣ አመሰገነኝ፣ ሄደ። ቧንቧዋ ሃያ እርምጃ አትርቅም ነበር።

ለብዙ ዘመን በተቆጣጣሪው ስናደድ ኖሬያለሁ። የላከው መንግሥት ነው፤ አለቃ ባለበት ሠራተኛን መጠየቅ ምን የሚሉት ጥበቃ ነው? ሕግ ያህል ነገር በአንዲት ልጅ ይሉኝታ ላይ ይጣላል? እላለሁ። ግን አፉ የእኔ ነበር።

ብርቱካን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩና ለጋሽ ታደሰ ሁሉንም ነገርኳቸው። ኩላሊታቸው ተጎድቶ ነበር። ይረግሙኛል ብዬ ስጠብቅ አንዱን ብርቱካን ልጠው ግማሹን ሰጡኝ።

«እኔስ ጾመኛ ነበርኩ። የቀሩት ሠላሳ ዘጠኙስ?» አሉኝ።

 ከዚያ ወዲያ ሥራ አልሠሩም፤ በአራተኛው ዓመት ቀበርናቸው።

ከጋሽ ታደሰ ሌላ ይህን ለሰው ስናገር የዚያን እሑድ የመጀመሪያዬ ነው። ልጄ ሳህኗን ገፋ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። አፈርኩ፤ ግን ደግሞ ቀለለኝ።

«ስትጠይቂ አለቃው አጠገብሽ አይቁም» አልኳት። «መልስ የሰጠሽ ሰው እንደ እኔ ሊሆን ይችላል። ቧንቧውን ራስሽ ሄደሽ ክፈቺው።»