በእርስዎ ክልል አይገኝም

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ፊደልን ከመድኃኒት ካርቶንና ከጋዜጣ ቁራጭ ለቀምሁ፤ ሞተርን ፈትቼ በመግጠም ተማርሁ። ከሸሕዲ እስከ አብደራፊ እኔን ያሸነፈ ትራክተር አልነበረም፤ ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም።

የጎረቤቴ ትራክተር ግን አዲስ ዓይነት ነው። ጎረቤቴ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ኑሮዋ በትራክተሩ ላይ ነው። ሰኔ ማለቂያ፣ ሰሊጥ ሊዘራ ሲል፣ ከመሪው ፊት አንድ የብልሽት ቁጥር አብርቶ አልነሳም አለ። ዝናቡ ከበረታ ዋልካው፣ ጥቁሩ አፈር፣ ጎማ ይውጣል፤ የቀረን ዐሥር ቀን ቢሆን ነው።

የቁጥሩ ትርጉም በፋብሪካው ድረ ገጽ እንዳለ ዐውቃለሁ። በስልኬ ብከፍተው በአማርኛ «ይህ ይዘት በእርስዎ ክልል አይገኝም» አለኝ። ኢንተርኔት ሲዘጋብን የመጀመሪያችን አይደለም፤ የዘጉት የእኛን ክልል ነው ብዬ አዲስ አበባ ላለው የወንድሜ ልጅ ደወልሁ።

«ክፈትና አንብብልኝ። አንተ ክልል ውስጥ አይደለህም።»

ከፍቶ አየና ሳቀ። «እኔንም ክልልዎ ነው የሚለኝ፣ ጋሼ። ክልል ያለው አገሪቱን በሙሉ ነው።»

ፋብሪካው ዓለምን ከፋፍሎ የእኛን ድርሻ ለአንድ ወኪል ሰጥቶ ኖሯል። ጥገናው በወኪሉ እጅ ብቻ ነው፤ ጽሑፉም ለሌላ አይታይም። ወኪሉ ጋ ብንደውል «መንገዱ ሲረጋጋ ባለሙያ እንልካለን» አሉን።

የንግድ ውድድር አዋጁን ፈልጌ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት። ገበያ ተከፋፍሎ ሌላውን መዝጋት ክልክል ነው ብዬ ሁለት ገጽ ማመልከቻ ጻፍሁ። የንግድ ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ማን ጻፈልዎት፣ አባባ?»

«ማን ይጽፍልኛል?»

«ከጠበቃ ይበልጣል። ግን እኛ የምንይዘው ዘይት የደበቀ ነጋዴ ነው። ድረ ገጽ እንዴት ይታሸጋል?»

«እሱማ ታሽጓል» አልሁት።

ወደ በላይ እንልከዋለን ብሎ ማኅተም መታበት። መልስ እስካሁን የለም።

ተመልሼ ሞተሩን በእጄ ፈታሁት። ነዳጁ ይደርሳል፣ ባትሪው ሙሉ ነው፣ የተሰበረ ነገር የለም። ቁጥሩ ግን አልጠፋም፤ እሱ ካልጠፋ ኮምፒውተሩ ሞተሩን አያስነሳም። ትራክተር ያለው ሁሉ የራሱን እርሻ ለማድረስ ይሯሯጣል፤ የሚያርስላት ጠፋ። ዝናቡ ገባ፤ መሬቷን ሣር በላው።

መስከረም ላይ ጎጃም ወንድሟ ዘንድ ልትሄድ ዕቃዋን አሰረች።

«ሞተሩ ደኅና ነው አይደል፣ አያ?»

«ምንም የለበትም።»

«ታዲያ እኔ ምን ሆኜ ነው የምሄደው?»

ሻንጣዋን ይዤ እስከ መኪናው ሸኘኋት።