ማሽኑ ሲያስል

በማተሚያ ቤቱ «ሚሊሜትር» ይሏታል፤ የቆረጠችው ወረቀት ጫፉ ተዛንፎ አያውቅም። ሃያ ዓመት ጠራዥ ሆና ሠርታለች። አምና የወረቀት መቁረጫው ሁለት ጣቶቿን ወሰደ፤ የእጅ መከለያው ተነሥቶ ነበር። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት «ራሷ ናት ያነሣችው» ብሎ ከሥራ አስወጣት። እሷ ግን ከአደጋው ሁለት ቀን በፊት የላከላትን የድምፅ መልእክት ይዛ ከሰሰችው፦ «መከለያውን አንሺው፣ ሥራ እየጎተተ ነው።»

ችሎት ላይ የባለቤቱ ጠበቃ ፈገግ አለ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ ድምፅ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈበረከ ነው። መልእክቱ በቀረበበት ፍላሽ ላይ ያለው ቀን እንኳ ከአደጋው በኋላ ነው።»

ቀኑስ ልክ ነው። ፋይሉን ከአደጋው በኋላ ወንድሟ ወደ ፍላሽ ስለገለበጠላት፣ የሚታየው የተገለበጠበት ቀን ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸነፋል፤ ቅጂውን ይዞ ይመጣና ዋናውን ቤት ይተዋል። ሚሊሜትር መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ አስቀመጠች።

«ዋናው ይኸው! ድምፁን ኮምፒውተር ከሠራው፣ ጣቶቼንም እሱ ይሆናላ የቆረጣቸው?»

ሳቅ ሆነ። ዳኛዋ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርገው መልእክቱን ከስልኩ ላይ አስከፈቱት።

አሁን እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ነገር መጣ። የማተሚያ ቤቱ ማጠፊያ ማሽን አርጅቷል፤ ስድስት ወረቀት ባጠፈ ቁጥር ወረቀት ይነክስና ያስላል። ያኔ ወረቀቱ ሳይቀደድ ማሽኑ እንዲቆም፣ አጠገቡ ያለ ሰው ሁሉ፣ ባለቤቱም ቢሆን፣ «ያዘ!» ብሎ ይጮኻል። ልማድ ሆኗል።

መልእክቱ ውስጥ ከባለቤቱ ድምፅ ኋላ ማሽኑ አሳለ።

«ያዘ!» አለ የተቀዳው ድምፅ። «ያዘ!» አለ ባለቤቱም፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ።

ጠበቃው ግንባሩን ያዘ።

«ይቀመጡ ጋሼ፣» አለች ሚሊሜትር፣ «ማሽኑ እዚህ የለም።»

ዳኛዋ ግን አልቸኮሉም። በጩኸት ብቻ አይፈረድምና፣ ስልኩ በባለሙያ እንዲመረመር አዘዙ። ወደ ጠበቃው ዞረውም «ተፈብርኳል ማለት ብቻውን አይበቃም፤ እርስዎም ማስረጃዎን ያቅርቡ» አሉት። ምንም አላቀረበም። መርማሪው ደግሞ መልእክቱ ከአደጋው ሁለት ቀን በፊት ከባለቤቱ ቁጥር እንደመጣ፣ ተቆርጦ የተቀጠለ ነገርም እንደሌለው አረጋገጠ። መከለያውን ያስነሣው ባለቤቱ ነው ተብሎ ተፈረደ፤ የስንብት ደብዳቤዋም ተሻረ።

ሰኞ ጠዋት ሚሊሜትር ሽርጧን አስራ ገባች። መከለያው ወደ ቦታው ተመልሷል። ነቅነቅ አድርጋ ሞከረችው፤ ጠብቋል። በስምንት ጣቶቿ ወረቀቱን አስተካክላ ልትቆርጥ ስትል ማጠፊያው አሳለ። ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ አፉን እንደገጠመ ቀረ።

«ያዘ!» አለች እሷ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች።