ፕሮፌሰሩን በሰው ፊት መቃወም

ከአገር የወጣሁ ዕለት አመሻሹ ላይ ቀበና ያለው ግቢያችን በሰው ተጨናንቆ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ገና ሳልማር «ዶክተር» እያለ ነው የሸኘኝ። እማዬ ብቻ ሻንጣዬን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ በርበሬው እንዳይፈስ ብላ።

ለዶክትሬት ጀርመን ዩኒቨርሲቲው ስደርስ ለካ እኔ የትምህርት ክፍሉ ጌጥ ኖሬያለሁ! ከየዘሩ ተማሪ መኖሩን የሚከታተለው የዳይቨርሲቲ ቢሮ ሴትዮ ነጭ ጋውን አልብሳ ፎቶ አስነሳችኝና መግቢያው ላይ ሰቀለችኝ።

«ሌሎቹ ጥቁሮች የታሉ?» አልኳት።

«እየፈለግን ነው።»

«አስተማሪስ?»

«እሱንም እየፈለግን ነው።»

እስኪገኙ ድረስ እንግዲህ ግድግዳው ላይ ጥርሴን የማሳየው እኔ ነኝ።

ፎቶው ግን ከመባረር አያድንም። የመጀመሪያው ዓመት ግምገማ ሲቃረብ ፕሮፌሰሬ ጠሩኝ። «ክላውስ በይኝ» ይሉኛል፤ አፌ እሺ አይለኝም።

«ዝም ትያለሽ፣ መሬት መሬት ታያለሽ» አሉኝ። «ኮሚቴው የራሷ ሐሳብ የላትም ካለ ወደ አገርሽ ትመለሻለሽ።»

እኔ እኮ እያከበርኳቸው ነው! እኛ ቤት አስተማሪ ሲናገር ዓይን ዓይኑን ማየት ድፍረት ነው። ዶክተር ብሎ የሸኘኝን ሰፈር በምን ዓይኔ ላየው ነው?

የግምገማው ቀን ስለ ቀበና ወንዝ ውሃ ያጠናሁትን አቀረብኩ። ፕሮፌሰሩ በኮሚቴው ፊት፣ «የክረምቱ ውጤት የተሳሳተ ነው። ዝናብ ሲበዛ ቆሻሻው መቅጠን ነበረበት» አሉ።

ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ የየመንደሩን ሽንት ቤት ጠራርጎ እንደሚያመጣ እዚያ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ብመልስ ትልቅ ሰው ማዋረድ ነው፤ ዝም ብል መባረር።

«ተሳስተዋል» አልኩ። ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ጎርፉን አስረዳሁ። ሊያቋርጡኝ ሲሉ «ልጨርስ!» ብዬ ጮህኩ። ወይ ጉድ!

ፕሮፌሰሩ ከት ብለው ሳቁ። «እንዲህ የምትመልስልኝን ተማሪ ነበር የምፈልገው» አሉ።

አለፍኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ አባቴን በአደባባይ የሰደብኩ ነው የመሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ቀና ብዬ ነው የምናገረው። አከራዬን እንኳ ስለ ማሞቂያው ተከራክሬ ረታሁት። ባለፈው እሁድ እማዬ ጋ ደወልኩና የደም ግፊት መድኃኒቷን ወስዳ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«እሺ፣ አሁን እወስዳለሁ» አለችኝ፣ ለአለቃ እንደሚመለስ። ቀጥላም፣ «ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» አለች።

«ምን አልኩሽ እማዬ?»

«እንጃ። ስትናገሪኝ የምትቆጪኝ ይመስለኛል።»

አልተቆጣሁም ልላት ፈለግኩ። በየትኛው ድምፅ እንደምላት ግን ጠፋኝ።