አልነሳ ያለው ጄኔሬተር

ብቻዬን ተልኬ ጄኔሬተር ስተክል የመጀመሪያዬ ነበር፤ ያን ቀን ብዋረድ፣ ሪያድ ባዲዓ ሰፈር የጄኔሬተር ሱቅ ያለው አሠሪዬ ዳግመኛ የሚያምነኝ አይመስለኝም ነበር። የቪላው ባለቤት አቡ ፋሃድ ከነልጆቻቸው ግቢው ውስጥ ቆመው ያዩኛል። ዋናውን መብራት አጠፋሁ። ጄኔሬተሩ በራሱ ተነስቶ ቤቱን በሙሉ ማብራት ነበረበት፤ እሱ ግን ያቃስትና ቀጥ ይላል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። የሪያድ ፀሐይ አናቴን ይጠብሰኛል፤ ያላበኝ ግን ከእፍረት ነው።

ሻይ ያመጣችልኝ የቤቱ ሠራተኛ ዘሀራ ጠጋ አለችና በአማርኛ፣ «ወንድሜ፣ የናፍጣው ቱቦ አየር ስቧል። ያቺን ብሎን አላላና አረፋው እስኪያልቅ ፓምፑን በእጅህ ግፋ» አለችኝ።

ለካ የናፍጣ ማጣሪያውን ስገጥም አየሩን ማስወጣት ረስቻለሁ! እንዳለችኝ አደረግኩ። ጄኔሬተሩ አንዴ አስነጠሰና ተነሳ፤ የቤቱ ኤሲ ሁሉ አብሮ ጀመረ።

«እህቴ፣ የት ተማርሽው?»

«ወሎ እያለሁ የአባቴን የናፍጣ ወፍጮ የማስነሳው እኔ ነበርኩ።»

አቡ ፋሃድ «ማሻአላህ፣ ጎበዝ ነህ!» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ሕሊናዬ እምቢ አለኝ፤ «ያስነሳችው እሷ ናት» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «ታዲያ ሱቃችሁ ድረስ መጥታ ይሄኛውን ጄኔሬተር የመረጠችልኝ ማን መሰለችህ?»