መኪና የማያልፍበት መንገድ

ዛሬ ጠዋት ለቡ ቤቴ ሳሎን ውስጥ ባለበት ቆሞ የሚያስነዳ ማሽን ላይ የታሰረ ብስክሌቴን ስነዳ የሟቹ ጓደኛዬ የአቤል እናት ገቡ። ጥቁራቸውን ገና አላወለቁም።

ፔዳሉን በመታሁ ቁጥር ቴሌቪዥኑ ላይ የሚሄደውን መንገድ ትኩር ብለው አዩት።

"እዚህ መኪና አይመጣም?"

"አይመጣም እትዬ።"

"አቤልዬ ይሄን ያውቅ ነበር?"

ያውቅ ነበር። ማሽኑን እንግዛ ያለኝ ራሱ ነው። "መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት ሰፈር? አረጀህ እንዴ?" ብዬ ሳቅኩበት። በሳምንቱ ቀለበት መንገድ ላይ ብስክሌቱን ሲነዳ ገልባጭ መኪና ገጨው።

"አያውቅም ነበር" አልኳቸው።

ፊቴን እንዳያዩት መብራቱ በጠፋ ብዬ ተመኘሁ። ዛሬ ግን አልጠፋም።

ማሽኑ ያዋጣል ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ ያዋጣል። ለአቤል ያዋጣው ነበር።

እናንተስ፣ ስቃችሁበት ካሰበው ያስቀራችሁት ሰው አለ?