የማይጠጡ ሰዎች የወይን ጠጅ

መጠጥ ቀምሼ አላውቅም ነበር። ልጆቼንም ያሳደግሁት "ብርጭቆ የለመደ እጅ ለሥራ አይሆንም" እያልሁ ነው። እንዲህ ስል የኖርሁ ሰው በደርግ ዘመን የወይን ጠጅ ጠማቂ ሆንሁ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ፣ ዳገቱ ላይ፣ ትንሽ የወይን ቦታ ነበረችኝ። አባቴ በዘበኝነት ያገለገለው ጣሊያን ለአባቴ ትቶለት የሄደ ተክል ነው። ፍሬውን ደሴ እየሸጥሁ ልጆች አስተማርሁበት። መሬት ለሕዝብ ከሆነ በኋላ ግን የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር መጣና ሐረጉን በከዘራው ነካ ነካ አደረገ።

"ጋሼ፣ ይሄ የልጆች ማታለያ እንጂ ምርት አይደለም። ይነቀልና ማሽላ ይዘራበታል።"

"የወይን ጠጅ ቢወጣውስ?" አልሁት። ከየት እንደ መጣልኝ አላውቅም።

ከዘራውን ከሐረጉ ላይ አነሳ። "ለአብዮት በዓል አሥር ጠርሙስ ካቀረቡ በኮሚቴ ይታያል።"

ጣሊያኑ የተወው አንድ መጽሐፍ ነበረኝ። ቋንቋውን አላውቅም። ፊደልን ያለ መምህር የቆጠርሁ ሰው ስለ ሆንሁ ግን ሥዕሉ ይበቃኛል ብዬ ተኩራራሁ። በሥዕሉ ላይ አንድ ሰው ጭማቂ ከሞላ በርሜል አጠገብ ቆሟል፤ በርሜሉ ክዳን የለውም። ቀጣዩ ገጽ ተቀዶ ጠፍቷል። እኔም በርሜሌን ሁለት ወር ሙሉ ሳልከድን ተውሁት። ባለቤቴ ባጠገቡ ስታልፍ አፍንጫዋን ትይዝና ዝም ትላለች።

በቅምሻው ቀን ሊቀመንበሩና ሁለት የኮሚቴ አባላት ተቀመጡ። ሦስቱም እስላሞች ናቸው። ቀድቼ አቀረብሁ። ብርጭቆውን አዩት እንጂ ማንም እጁን አልሰነዘረም።

"ለእኛ ሐራም ነው" አለ ሊቀመንበሩ። "አንቱ ይቅመሱ።"

"እኔም አልጠጣም።"

"ጴንጤ መሆንዎን ረስቼው። ወላሂ ጉድ ነው፤ ጴንጤ የጠመቀውን እስላም ሊመረምር።" ሁለቱ ሳቁ። "ቢሆንም ደንብ አለ፤ የቀዳ ይቀምሳል። ካልቀመሱ ምኑን አምነን እንጽፋለን? ማሽላውን ይዘሩታል።"

በመስኮቱ ዳገቱን አየሁት። ለልጆቼ የተናገርሁት ሁሉ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። እንደ ደንቡ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስሁ። ጉሮሮዬን ፋቀኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሰው ቤቱን የሚያፈርሰው ለዚህ ነው? ብዬ አዘንሁ። በምክሬም ኮራሁ።

"እንዴት ነው?"

"እንደሚባለው ነው። ያቃጥላል።"

"ያቃጥላል ብለህ ጻፍ" አለው ከሁለቱ አንዱን። "አንደኛ ደረጃ።"

ቤት ገብቼ መቅመሴን ለባለቤቴ ተናዘዝሁና የተረፈውን አሳየኋት። አሸተተችው።

"አንቱ፣ ይሄ እኮ አቼቶ ነው። ሰላጣ ላይ የሚደረገው። በልጅነቴ ጣሊያኖች ቤት ሳበስል ስንቱን ጠርሙስ ጨርሻለሁ።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?"

"በዚህ ቤት የመጠጥ ወሬ አይነሳም ያሉት አንቱ አይደሉ?"

ሳያውቁ የተናገሩት ስሕተት ካወቁት በኋላ ዝም ካሉበት ሐሰት ይሆናል። ስለዚህ በማግስቱ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄጄ ያጸደቁት አቼቶ መሆኑን ነገርሁት።

"አንቱ ወይን ጠጅ ያውቃሉ?"

"አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም። ማኅተም ተመትቶበት ወደ አውራጃ ሄዷል። ማኅተም ያረፈበት ነገር አይኮመጥጥም። ይሂዱ፣ ጋሼ።"

ከበዓሉ በኋላ ከአውራጃው ደብዳቤ መጣ፦ ለከርሞ ሃያ ጠርሙስ፣ ጥራቱ ከዘንድሮው ሳይለይ።

በሁለተኛው ዓመት ሁለት በርሜል ጠመቅሁ፤ አንዱን እንዳምናው ክፍቱን ተውሁ፣ ሌላውን ባለቤቴ ከጣሊያኖቹ አይታ እንዳሳየችኝ በወቅቱ ከደንሁ። ኮሚቴው ፊት ሁለቱንም ቀመስሁ። የተከደነው ለስላሳ ነበር፤ ጣፈጠኝም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

"የትኛው ነው የሚያቃጥለው?" አለ ሊቀመንበሩ።

እውነቱን ተናገርሁ፤ ክዳን የሌለውን አሳየሁት።

"በሉ እሱን በጠርሙስ ያድርጉልን። ሌላው ተበላሽቷል፤ ወስደው ይድፉት።"

ማሽላ አልተዘራም። የተበላሸ የተባለውን ተሸክሜ ዳገቱን ወጣሁና ወይኖቹ ሥር ደፋሁት። ሁሉንም ደፋሁት ብዬ ግን ለልጆቼ አልምልም።