ደምለው ነጩን ሲያነሣ

ደምለው ከደባርቅ ወጣ ብሎ ያለው የአውሮፕላን ሜዳ ጠባቂ ነበር። ሥራው ከብት ማባረርና ጨርቅ ማንጠፍ ነው። ከጎንደር የፈቃድ ቁጥር በስልክ ሲደርሰው ሁለት ረጃጅም ነጭ አቡጀዲ በመስቀል ቅርጽ ሣሩ ላይ ያነጥፋል። ነጩን ያየ አብራሪ ይወርዳል፤ ያላየ ይመለሳል። ጊዜው የጦርነት ስለሆነ ሰማዩ ተዘግቷል፤ ጉብታው ላይ መትረየስ የጠመዱት ወታደሮችም ያለ ቁጥር የሚወርደውን እንዲመቱ ታዘዋል።

በገዛ አውሮፕላኑ መድኃኒት የሚያመላልስ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር። ሲመለስ በሽተኛ ጭኖ ጎንደር ስለሚያደርስ አገሬው አሻግሬ ብሎታል።

በሰባ ሰባት ዓ.ም.፣ ጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የደምለው ሚስት ጽጌሬዳ ምጥ ከያዛት ሦስተኛ ቀኗ ነበር። መንገዱ በውጊያ ተቆርጧል። በቃሬዛ አምጥተው ከሜዳው ዳር፣ ከወይራው ጥላ ሥር አሳረፏት። አሻግሬ ይመጣል ተብሏል፤ ቁጥሩ ግን አልመጣም።

ደምለው ወደ ጉብታው ወጣ።

"ሰጠኝ፣ ሚስቴ ናት እኮ" አለው የወታደሮቹን አለቃ፣ አሥር አለቃ ሰጠኝን።

"አውቃለሁ ጋሼ። ስንት ቀን ጠላዋን ጠጥቻለሁ። ቁጥር ካልመጣ ግን ጣቴ የእኔ አይደለም።"

ሲወርድ የሞተር ድምፅ ሰማ። አውሮፕላኗ ትዞራለች። ዓይኑን ወደ ሜዳው መለሰ። የሰፈሩ ሴቶች ለበዓሉ ያጠቡትን ነጠላና ጋቢ፣ ንጹሕ ሣር ያለው እዚያ ነው ብለው፣ ሜዳው ላይ አስጥተውታል። ከላይ ለሚያይ ሜዳው በሙሉ ፈቃድ ነበር።

ዝም ቢል ትወርዳለች። ምናልባት ሰጠኝ ይራራል፤ ምናልባት ጽጌሬዳ ትተርፋለች። ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ሮጠና ያገኘውን ሁሉ ከሣሩ ላይ ይመነጭቅ ጀመር።

"አንተ ደምለው፣ አፈር አስነካኸው እኮ" አለች ታንጉት የምትባል ጎረቤቱ። "ለታቦቱ ምን ልልበስ?"

"ሰውዬው ሊመታ ነው፤ አንሺ።"

ሴቶቹ ተረባርበው አነሡ። የወይራውን ጫፍ ልትነካ የደረሰችው አውሮፕላን ቀና አለች። አሻግሬ ደንቡን ያውቃል፤ ወደ ገደሉ ርቆ፣ ከተከለከለው ክልል ወጥቶ፣ ቁጥሩ እስኪመጣ ይዞር ጀመር። ደምለው ልብሱን እንደታቀፈ ወደ ቃሬዛው ሳያይ ስልኩ ካለበት ጎጆ ገባ።

"ፈቃዱን የሚሰጡት ሻምበል ገና አልፈረሙም" አሉት ከጎንደር።

"ነዳጁ ሳያልቅ ያስፈርሙልኝ፣ በእመቤቴ። ስልኩን እንዳይዘጉት፣ እጠብቃለሁ።"

ቁጥሩ ሲነገረው ሁለት ጊዜ ደገመው፤ ለሰጠኝም አስተላለፈ። አቡጀዲውን በጥድፊያ ሲያነጥፍ መስቀሉ ጠመመ። አውሮፕላኗ ግን ወረደች።

ጽጌሬዳ ከወር በኋላ ሴት ልጅ ታቅፋ ከጎንደር ተመለሰች። አንድ ቀን ልጅቱን እያጠባች፣

"ያን ቀን ነጩን ስታነሣው አይቼሃለሁ" አለችው።

ደምለው አቀረቀረ። እሷ ልጅቱን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረች።

"ተነሥቼ ላግዝህ ብል እግሬ እምቢ አለኝ።"